ጃንሜዳ ላይ የተለማመድኩት አሳ ማጥመድ ባቦጋያ ላይ እንዴት ጉድ እንደሰራኝ

ባለፈው መጋቢት ከክለባችን ጋር ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የአሳ ማጥመድ ውድድር ገብቼ ነበር፣ ከጀልባ ሳይሆን ሐይቅ ዳር ቆሞ የሚጠመደውን ማለቴ ነው፣ እና ከ22 ሰው 9ኛ ወጣሁ። 9ኛ የወጣ ሰው ደግሞ ምን ሊመክር ነው ብትሉ አልፈርድባችሁም፣ ግን አንደኛ የወጣችው ልጅ ዝምተኛ ናት፣ ምንም አትናገርም፣ እኔ ደግሞ የሰራሁት ስህተት ለራሴ በዝቶ ለሌላም ይተርፋል። ስለዚህ ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ እኔ የከፈልኩትን እንዳትከፍሉ ብዬ ነው።

ክለብ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ለገሀር አካባቢ አንድ ካፌ ቅዳሜ ቅዳሜ ማኪያቶ እየጠጣን ስለ አሳ የምናወራ ሰዎች ነን በቃ። ሹፌር አለ፣ ነርስ አለች፣ ባንክ የሚሰሩ ሁለት አሉ፣ እና ሁላችንም "ካፒቴን" የምንላቸው ጡረታ የወጡ የባህር ኃይል ሰው አሉ። ድሮ ምፅዋ እያሉ ከዳር ሲያጠምዱ የኖሩ ናቸው፣ ባህሩ ከሄደ ስንት ዘመኑ፣ እሳቸው ግን አሁንም ነፋሱን ሳያዩ የትም አይሄዱም፣ አራት ኪሎ መሃል ቆመው ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ወደ ላይ ሲያነሱ ልታገኟቸው ትችላላችሁ።

ችግሩ እኛ ያለነው መሃል አዲስ አበባ ነው፣ ቀበናና ባንተይቀጡም ውሃ ናቸው ብለን ካልተከራከርን በቀር መንጠቆ የሚነከርበት ነገር የለም። ስለዚህ ልምምዱን የምናደርገው ጃንሜዳ ነው። አዎ ጃንሜዳ። መንጠቆውን አውጥተን ለክብደት የሚታሰረውን እርሳስ (የሚጻፍበትን ሳይሆን ማዕድኑን) ብቻ አስረን ሜዳው ላይ ወርወር ሰብሰብ፣ ወርወር ሰብሰብ፣ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ደግሞ ጨዋታቸውን አቁመው ከበው ያዩናል። አንዱ "ጋሼ ጥምቀት እኮ አልፏል፣ ውሃው ሄዷል" ያለኝን መቼም አልረሳውም። ሼም ቢሆንም ሁለት ወር ሙሉ ሄድኩ፣ እና በእጅጉ ተሻሻልኩ፣ መጀመሪያ ላይ 20 እርምጃ የማይሞላው ውርወራዬ መጨረሻ ላይ 64 እርምጃ ደረሰ። ያንን 64 ለሰው ሁሉ ነገርኩ፣ ቤት ነገርኩ፣ ቢሮ ነገርኩ፣ ካፒቴን ሰምተው "ጥሩ ነው" ብቻ አሉ። አባባላቸው ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ስለ እቃ ትንሽ ልበል ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ዘንግና ሪል (ክሩ የሚጠቀለልበት) ከዱባይ ወይ ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ነው የሚገኘው፣ እኔ የአክስቴ ልጅ ናት ያመጣችልኝ፣ ሻንጣ ውስጥ እንዲገባ ተጣጣፊውን ወይ እንደ አንቴና የሚሳበውን ዓይነት በሉ። ክር 0.25 ሚሊ ሜትር ለቆሮሶ (ቲላፒያ ለሚባለው አሳ) ይበቃል፣ 0.30 ካላችሁም ችግር የለውም። መንጠቆ ላይ ሰው ሁሉ የሚሸወድበት ነገር አለ፣ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፣ ማለትም 10 ቁጥር ከ6 ቁጥር ታንሳለች፣ ዜሮ ያለባቸው ማለትም 1/0፣ 2/0 የሚባሉት ደግሞ በተቃራኒው እየተለቁ ይሄዳሉ። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፣ 8 እና 10 ቁጥር ያዙ። እኔ ትልቅ መንጠቆ ትልቅ አሳ ያመጣል ብዬ 1/0 አስመጥቼ ነበር፣ አሁን መጋረጃ ሊሰቀልበት ይችላል። እርሳስ ግን እንዳትገዙ፣ ሰፈራችሁ ያለው ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ ከጎማ ላይ የወደቀ የባላንስ እርሳስ ስጠኝ በሉት፣ እኔ ሻይ ጋብዤው እፍኝ ሙሉ ሰጠኝ። በፒንሳ ክሩ ላይ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ማጥበቅ ነው። ብቻ ሁሉም እርሳስ ስላልሆነ፣ አሁን አሁን ብረትም አለ፣ በጥፍር ስትጫኑት ምልክት ከተወ እርሳስ ነው፣ ከነኩት በኋላ ደግሞ እጅ ታጠቡ።

ትል ላይ ከእናቴ ጋር ተጣልተናል። መጋቢት ላይ መሬቱ ደርቆ ስለነበር ትል ማግኘት ከባድ ነው፣ በመጨረሻ ቀበና ያለ ጓደኛዬ ግቢ ውስጥ የልብስ ማጠቢያው ውሃ ከሚፈስበት ስር ቆፍሬ አገኘሁ፣ በወተት ጣሳ ከነአፈሩ አድርጌ ክዳኑን በስቼ ፍሪጅ ከተትኩት፣ ቀዝቀዝ ሲል ነው የሚቆይ ተብያለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ሌሊት ላይ ጩኸት ሰማሁ። ዝርዝሩን ልተወው።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል መስቀል አደባባይ ተገናኝተን በኮንትራት ሃይሩፍ ተነሳን። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በፈጣኑ መንገድ ሳታስቡት ትደርሳላችሁ፣ እኛ ግን ሁዳዴ ስለነበር መንገዱን ሙሉ አሳ በፆም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ነበር፣ ሹፌሩ ሳይቀር ገባበት፣ አንዱ "አልበላውም ግን ባጠምደው ምን ችግር አለው" ሲል ከኋላ ያለችው "ፈተናን ፈልጎ መግባት ነው" አለችው፣ ያም ያም አለፈ። እኔ እዛ ጨለማ ውስጥ ምን እያደረግኩ ነበር መሰላችሁ፣ በሞባይል መብራት መንጠቆ እያሰርኩ። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እመጣባታለሁ።

ቦታው ባቦጋያ ነው፣ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ መዝናኛ ግቢውን ፈቅዶልን ነበር፣ ሰብሳቢያችን ደግሞ ከሳምንታት በፊት ደብዳቤ ይዞ ከተማው ድረስ ተመላልሷል። ይሄንን እንዳትዘሉ፣ አገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አላት፣ ቁጥር 315/1995፣ ለመዝናናት ቢሆንም 22 ሰው ዘንግ ይዞ ሲመጣ ሰው ይጠይቃል፣ ወረቀት መያዝ ከጭቅጭቅ ያድናል።

ህጋችን እንዲህ ነው። የመቆሚያ ቦታ በእጣ ይወጣል፣ ከባርኔጣ ውስጥ ቁጥር ታወጣላችሁ፣ በየቦታው መሃል 10 ሜትር አለ። ለአንድ ሰው አንድ ዘንግ። ፊሽካ ሲነፋ ከ1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ከፊሽካ በኋላ ከውሃ የወጣ አሳ አይቆጠርም። ከ20 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ ወዲያው ይመለሳል፣ የቀረው በግራም ይደመራል። ከመመዘኑ በፊት ሚዛኑ ዜሮ መሆኑን ራሳችሁ እዩ፣ አሳው የሚመዘንበት እርጥብ ላስቲክ ብቻውን ስንት እንደሚል አይታችሁ ይቀነስ፣ ጓደኛሞች ብንሆንም እዚህ ላይ ጓደኝነት የለም።

14 ቁጥር ደረሰኝ፣ ደስ የሚል ቦታ፣ አጠገቤ 15 ላይ ነርሷ። ፊሽካው ሲነፋ እኔ ለጃንሜዳ ክብር ስል 64 እርምጃዬን ወረወርኩ። ወይ ውርወራ! እርሳሱ ክርርር ብሎ ሄዶ ሩቅ ጠብ ሲል ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዛ ክሩ መውረድ ጀመረ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ አሁንም ወረደ፣ መቼ ነው መሬት የሚነካው እስክል። ከዛ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። 20 ደቂቃ። ሰበሰብኩ፣ ትሉ እንዳለ አለ፣ ነጭ ሆኖ ሞቷል። ደግሜ ወረወርኩ። በዚህ ዓይነት አንድ ሰዓት ከሩብ ምንም ሳይነካኝ አለፈ፣ ነርሷ ግን በዛች ሰዓት ውስጥ ስድስት አውጥታለች፣ ስታወጣ ድምፅ እንኳን የላትም።

በኋላ ስንመለስ ካፒቴን እንዳስረዱኝ ነገሩ ይሄ ነው። ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፣ እንደ ሳህን ሳይሆን እንደ ብርጭቆ አስቡት፣ ከዳር ትንሽ ራቅ ካላችሁ ገደል ነው፣ መሃሉ ከ60 ሜትር በላይ ይጠልቃል። አብዛኛውን ጊዜ የታችኛው ውሃ ከላይኛው ጋር አይደባለቅም፣ ስለዚህ ታች ኦክስጅን የለም፣ ኦክስጅን ከሌለ አሳ የለም። ታህሳስና ጥር አካባቢ ብርዱ ሲጠነክር የላይኛው ቀዝቅዞ ይወርድና ሁለቱ ይደባለቃሉ፣ አንዳንድ ዓመት ቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ አሳ ሞቶ ተንሳፎ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ቆሮሶ ምግቡም ኑሮውም ዳር ዳር፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ነው። እኔ ታዲያ ሁለት ወር ለፍቼ የተማርኩት ትሌን በትክክል ማንም ወደሌለበት ቦታ መላክ ነበር። "ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?" ስላቸው "64 እርምጃ እያልክ መች አፍ ሰጠኸኝ" አሉኝ።

ያዳነኝ ጥበብ ሳይሆን ጥፋት ነው። አምስተኛው ውርወራ ላይ ክሩ ከሪሉ ላይ በአንድ ጊዜ ተንዶ ወጣና ተጠላልፎ የአሞራ ጎጆ የሚያክል ቋጠሮ ሆነ። ምክንያቱም ሁለት ነው፣ አንደኛ ሪሉን እስከ አፉ ሞልቼዋለሁ፣ ከከንፈሩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጎደል ማለት አለበት፣ ሁለተኛ ስጠቀልል ክሩን በጣቴ ወጠር አድርጌ አልያዝኩትም፣ ላላ ብሎ የተጠቀለለ ክር አንድ ቀን መናዱ አይቀርም። እንግዲህ ዘንጉን መሬት አስቀምጬ፣ እርሳሱና ትሉ እግሬ ስር፣ ከዳር ምናልባት ሁለት ሜትር ላይ ውሃ ውስጥ ተኝተው፣ እኔ አቀርቅሬ ቋጠሮውን እየፈታሁ እየተራገምኩ ሳለ ክሩ በራሱ መሄድ ጀመረ። ዝም ብሎ በጎን በኩል፣ ቀስ እያለ። መጀመሪያ ነፋስ መስሎኝ ነበር። ከዛ ቋጠሮው ከእጄ ላይ ተነሳና መራመድ ጀመረ።

ክሩን በእጄ ጨብጬ ጎተትኩት። ቆሮሶ! መዳፌን የምትሞላ፣ ጀርባዋ ላይ ያለውን እሾህ እንደ አውራ ዶሮ አቁማ። እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ እሾኳ ይወጋል፣ እጃችሁን ከጭንቅላቷ ጀምራችሁ ወደ ጅራቷ እየዳበሳችሁ ስታወርዱ እሾኩ ይተኛላችኋል፣ አምባዛ ከሆነ ደግሞ እሾኩ ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ ስለሆነ ከእሱ ኋላ ነው የሚያዘው። እኔ አላወቅኩም ነበር፣ አውራ ጣቴ ለአራት ቀን አብጦ ነበር።

ወዲያው 13 ቁጥር ላይ ያለው የባንኩ ልጅ "በእጅ ነው የያዘው! አይቆጠርም!" ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው እንዴ፣ ጨዋታው ቆመ፣ ሰብሳቢው መጣ፣ ደንቡ ወጣ፣ ደንቡ ላይ "በዘንግ የተጠመደ" ይላል፣ አንዱ ዘንጉ መሬት ላይ ነበር አለ፣ ሌላው ዘንግ መሬት ላይ ስለተቀመጠ ዘንግነቱ አይቀርም አለ። ካፒቴን ተጠሩ፣ ቀስ ብለው መጥተው ክሩን ከአሳው አፍ እስከ ዘንጉ ጫፍ በጣታቸው እየተከተሉ ሄዱ፣ "ታስሯል አይደል እንዴ? ይመዘን" አሉ። 240 ግራም። የባንኩ ልጅ እስካሁን ቅዳሜ ሲመጣ ያነሳታል።

ከዛ በኋላ ነቃሁ። እርሳሱን ቀነስኩ፣ ቡሽ አሰርኩ፣ ከቡሹ እስከ መንጠቆው አንድ ሜትር ብቻ አድርጌ ከዳር ሦስት አራት ሜትር ላይ ማስቀመጥ ጀመርኩ። መወርወር አልልም፣ ማስቀመጥ ነው። ቆሮሶ ስትነካ ደግሞ ቡሹ እንደምታስቡት ቁልቁል አይሰምጥም፣ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ይንቀጠቀጥና ወደ ጎን ይሸራተታል፣ ያኔ ነው ዘንጉን ፈጠን ብሎ ሳብ ማድረግ፣ እስኪሰምጥ ከጠበቃችሁ ትሉን በልታ ሄዳለች። በቀረው ሰዓት ስድስት ጨመርኩ።

አሁን ሃይሩፉ ውስጥ ወዳሰርኳት መንጠቆ ልመልሳችሁ። 4 ሰዓት ከ20 ሲሆን ትልቅ ነገር መጣ፣ ዘንጉ እስከ እጀታው ጎበጠ። ሪሉ ላይ ፍሬን አለ፣ እኛ ፍሬን ነው የምንለው፣ ትልቅ አሳ ሲጎትት ክሩን እየለቀቀ እንዲሰጥ የሚስተካከል። እኔ የአሞራውን ጎጆ ስፈታ አጥብቄው እረስቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ጎተተ፣ ሁለት ጊዜ ጎተተ፣ ከዛ ሁሉም ነገር ቀለል አለኝ፣ ያ ቅለት ምን ያህል እንደሚያስጠላ ላስረዳችሁ አልችልም። አምባዛ ነው ብዬ አምናለሁ፣ አላየሁትም፣ ያላየሁት ስለሆነም ይሁን ካፌው ውስጥ ባወራሁት ቁጥር እየወፈረ ነው።

ግን ክሩን ስሰበስብ ጫፉን አየሁት፣ እንደ አሳማ ጅራት ተጠቅልሏል። ይሄ ምልክት ነው፣ ጫፉ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ክሩ ነው የተበጠሰው፣ ከተጠቀለለ ግን ቋጠሮው ነው ተንሸራቶ የተፈታው፣ ማለትም ጥፋቱ የአሳሪው ነው። አስተሳሰሩ ቀላል ነው፣ ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፋችሁ በራሱ ላይ 5 ወይ 6 ጊዜ ጠምዝዙት፣ ጫፉን ከቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረችው ቀለበት መልሳችሁ አስገቡት፣ ከዛ ከመጥበቁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። በደረቁ ስትስቡት ፍትጊያው ክሩን ያግለዋል፣ ያዳክመዋል፣ ቋጠሮውም በደንብ ሳይገጥም ይቀራል። እኔ ጨለማ ውስጥ፣ ሃይሩፉ እየነጠረ፣ በደረቁ፣ ሦስት ጊዜ ብቻ ጠምዝዤ ነበር ያሰርኩት። ከቤት አስራችሁ ኑ።

የነርሷን አሰራር ከጎኗ ስለነበርኩ ሰርቄ አይቻለሁ፣ ሳትነግረኝ ነው ያየሁት፣ ይቅር ትበለኝ። አንደኛ ቁጭ ብላ ነው የምታጠምደው፣ ፀሐዩ ከኋላ ስለነበር እኛ የቆምነው ጥላችን ውሃው ላይ ይወድቃል፣ የሷ አይወድቅም። ሁለተኛ ባልዲ ውስጥ ፉርሽካና የተወቀጠ ፋጉሎ በሐይቁ ውሃ ለውሳ ሎሚ ሎሚ የሚያክል እያድበለበለች በየአስር ደቂቃው አንድ፣ ሁልጊዜ እዛችው ቦታ ላይ ጠብ ታደርጋለች። አሳው ሽታውን ተከትሎ ይሰበሰባል፣ ሆዱን እንዳይሞላ ግን ትንሽ ትንሽ ነው የምትሰጠው። ሦስተኛ ትል የላትም፣ የዳቦ ሊጥ ነው የያዘችው፣ ሊጥ ደግሞ ውሃ ሲነካው ከመንጠቆ ላይ ሟሙቶ ይወድቃል አይደል፣ እሷ ምን አደረገች፣ ባዘቶ ጥጥ ትንሽ ቆንጥራ ሊጡ ውስጥ አሽታዋለች። ጥጡ ይይዘዋል። ይሄን ሳይ እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ቤት ስንት ባዘቶ እያለ እኔ ፍሪጅ ውስጥ ትል። አራተኛ መንጠቆዎቿ ሁሉ ታስረው ካርቶን ላይ ተጠቅልለው ተሰልፈዋል፣ አንዱ ሲበጠስ ሌላውን ለመቀየር አንድ ደቂቃ አይፈጅባትም፣ እኔ ለእያንዳንዱ ሩብ ሰዓት።

ሚዛን ላይ እሷ 4 ኪሎ ከ310 ግራም፣ እኔ 1 ኪሎ ከ940። 8ኛው የበለጠኝ በ60 ግራም ነው፣ እሱን ማሰብ አልፈልግም። አሳው እዛው ተጠብሶ የበላ በላ፣ ያልበላ ሽሮ በላ፣ በሃይሩፉ ክርክር በጣም የጮኸው ልጅ የት እንደተቀመጠ አልናገርም።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮች፣ ባርኔጣና እጅጌ ያለው ልብስ ያዙ፣ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ የኔ አፍንጫ እንደ ድንች ተልጧል። ረፋድ ላይ ነፋስ ይነሳል፣ ቡሹን ማየት ይከብዳል፣ ዋናው ስራ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ እንዲያልቅ አድርጋችሁ አስቡት። ዳሩ ድንጋይ ነው፣ ያዳልጣል፣ ከፊት ያለው ደግሞ እንዳልኳችሁ ገደል ነው፣ ዋና የማትችሉ ከሆነ አሳ ተከትላችሁ አንድ እርምጃ እንኳን ወደ ውሃው እንዳትገቡ፣ ልጅ ይዞ የሚመጣ ሰው ደግሞ ዘንጉን ትቶ ልጁን ይያዝ።

ቀጣዩ ዙር ከፋሲካ በኋላ ነው የሚሆነው ተብሏል። ጃንሜዳ አሁንም እሄዳለሁ፣ ግን 64 እርምጃው ቀርቷል፣ 8 እርምጃ ላይ ባልዲ አስቀምጬ እርሳሱን ባልዲው ውስጥ ጠብ ለማድረግ ነው የምለማመደው። የመጀመሪያው ቀን ከሃያው ሁለት ገባልኝ፣ ባለፈው ሳምንት አስራ አንድ። ኳስ ተጫዋቾቹ ልጆች ደግሞ አሁን በኔ መወራረድ ጀምረዋል፣ ያ የጥምቀቱ ልጅ ሁሌ አይገባም ብሎ ነው የሚይዘው።